አፈወርቅ ተክሌና ቪላ አልፋ፤ ከንድፍ እስከ ሙዚየም

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማ የሚመጣ መንገደኛ መስቀል አደባባይ ሲደርስ የቦሌ መንገድ ያበቃለታል። በዚህ አደባባይ ዙሪያ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ለመሄድ ብዙ ጊዜ በማይጠይቅ ርቀት፣ ያለፈውን ዘመን ለማስታወስ ያገለገሉ ሦስት ሕንፃዎች አሉ። አንደኛው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረውና በኋላ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው አሮጌ ቤት ነው። ሁለተኛው በአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ተነድፎ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ሦስተኛው አፍሪካ አዳራሽ ሲሆን፣ እርሱ በሙዚየምነት አልታነጸም፤ የስብሰባ ቤት ነው። ነገር ግን በመግቢያው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል ስላለ፣ ወደ ጉባኤው የሚገባ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ አስቀድሞ በአንድ የሥነ ጥበብ ትርኢት ውስጥ ያልፋል።

ስለ አዳራሹ አርክቴክት፣ ስለ ኢጣልያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ፣ የሙያ ባልደረቦቻችን ብዙ ያውቃሉ። የመስተዋቱን ሥዕል የሠሩት የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ግን በእኛ ዘንድ የሚነሡት በሠዓሊነታቸው ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ አፈወርቅን በሌላ ወገናቸው ሊመለከት ይሞክራል፤ ይኸውም ሥራዎቻቸው የሚቀመጡበትን ቤት በራሳቸው እጅ ነድፈው፣ በሕይወት ሳሉ ሙዚየም ያደረጉ ሰው እንደመሆናቸው ነው። ቪላ አልፋ የሚባለው ይህ ሕንፃ ለእኛ ሙያ ያስቀመጠው ጥያቄ ገና ያልተመለሰ ስለሆነ፣ የሰውየውን ታሪክ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ማንበብ ይገባል።

አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች፣ ከአዲስ አበባ በፊት የቤተ መንግሥትና የአብያተ ክርስቲያናት ከተማ ናት። ልጅነታቸው በፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ስላለፈ፣ ከነጻነት በኋላ የነበረው ትውልድ አገርን እንደገና የመሥራት ስሜት በእርሳቸውም ላይ አድሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት ሥዕል ለመማር አይደለም፤ የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነው። በዘመኑ አገሪቱ የምትሻው መሐንዲስ ስለነበር ምርጫው የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም የስዕል ስጦታቸውን ያዩ መምህራን አበረታተዋቸው በለንደን ማዕከላዊ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በስሌድ ያጠኑት ሥዕልን ብቻ ሳይሆን ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃ ጥበብንም ጭምር ነው። ይህችን ነጥብ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ብዙዎች በአንድ ቃል ያልፏታል። ለእኛ ግን ዋናዋ እርሷ ናት፤ አፈወርቅ ግድግዳን ሥዕል የሚሰቀልበት ባዶ ስፍራ አድርገው ያልቆጠሩት ከዚያ ጀምሮ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን አሳዩ። ከትርኢቱ ባገኙት ገቢ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው ሁለት ዓመት ያህል በኢጣልያ፣ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋልና በግሪክ ተዘዋወሩ። በዚህ ጉዞ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አጠኑ፤ አንደኛው በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች ሲሆን፣ ሁለተኛው የመስተዋት ሥዕል ጥበብ ነው። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን የብራናችንን ሥዕል ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ሠዓሊው መልኩን በወፍራም ጥቁር መሥመር ከብቦ፣ ውስጡን ጥላ በሌለው ደማቅ ቀለም እንደሚሞላው ያውቃል። የመስተዋት ሥዕልም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ቀለሙን መስተዋቱ ይሰጣል፣ ጥቁሩን መሥመር ደግሞ ቁራጮቹን የሚያያይዘው እርሳስ ይሰጣል። ስለዚህ በእኔ ግምት አፈወርቅ ይህን የአውሮፓ ጥበብ ሲማሩ እንደ እንግዳ አልተማሩትም፤ የዓይናቸው ልምድ ቀድሞ ያዘጋጃቸው ነበር።

ከተመለሱ በኋላ የአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልን የግድግዳ ሥዕሎችና ሞዛይኮች ሠሩ። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ከሕንፃ ጋር የመስማማት ትምህርት አገኙ ማለት ይቻላል። ካቴድራሉ ከእርሳቸው ልደት አስቀድሞ የተሠራ ስለሆነ ቅርጹን መለወጥ አይቻልም፤ ሠዓሊው የሚሠራው በተሰጠው ስፍራ፣ በተሰጠው ብርሃንና በተሰጠው ከፍታ ነው። ከታች ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ለሚያይ ምእመን መልኩ እንዳይዛባ ንድፉ ከመጀመሪያው መታሰብ ይኖርበታል። ጠረጴዛ ላይ ያማረ ንድፍ ግድግዳው ላይ ሲወጣ እንደሚከስም በእኛም ሙያ የማያውቅ የለም።

የአፍሪካ አዳራሽ ሥራ የመጣው ዕድሜአቸው ገና ሠላሳ ሳይሞላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ሲወሰን፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአህጉሪቱ የሚሆን አዳራሽ እንዲሠራ አዘዙ። ሜዜዲሚ ሕንፃውን በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ጊዜ ውስጥ አቁሞ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚህ ፍጥነት ውስጥ ሠዓሊውና አርክቴክቱ ሊግባቡበት የሚገባው ነገር ቀላል አልነበረም። 150 ካሬ ሜትር መስተዋት መስኮት አይባልም፤ ግድግዳ ነው። መስተዋትና እርሳስ ደግሞ የራሳቸውን ክብደት እንኳ በቅጡ መሸከም የማይችሉ ናቸው፤ እርሳስ ከዓመታት በኋላ በገዛ ክብደቱ ይለጠጣል፣ ይጎብጣልም። ስለሆነም ሥዕሉ በልዩ ልዩ ገበታ ተከፍሎ፣ ክብደቱንም የነፋሱንም ግፊት የሚሸከም ፍሬም ሊዘጋጅለት ይገባል። ፍሬሙ የሚያልፍበት መሥመር በሥዕሉ ውስጥም ያልፋል። ሠዓሊው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ፣ የሰው ፊት በሚሣልበት ቦታ ላይ ብረት ሊያርፍበት ነው።

የመስተዋት ሥዕል የሚሠራበትን ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ መግለጽ ይጠቅማል። መጀመሪያ ሠዓሊው በወረቀት ላይ ትንሽ ባለቀለም ንድፍ ያዘጋጃል። ይህ ንድፍ ወደ ሙሉ ልኩ ይነሣል፤ በሙሉ ልክ ንድፉ ላይ የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝና የእርሳሱ መሥመር ይሰመራል፣ ቁጥርም ይሰጠዋል። ከዚያም መስተዋቱ በብርሃን ፊት እየተያዘ ቀለሙ ይመረጣል፤ ይቆረጣል፤ የፊት፣ የእጅና የልብስ ዝርዝር በልዩ ቀለም ተስሎ በምድጃ ይተኮሳል፤ በመጨረሻም በእርሳስ ተያይዞ ይገጠማል። የአፍሪካ አዳራሹ መስተዋት የተሠራው በፓሪስ በሚገኝ የመስተዋት ሥራ ቤት ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ብቻውን በሸራ ፊት ከሚቆምበት ሁኔታ ይህ ምን ያህል እንደሚለይ ልብ ይሏል። በሸራ ላይ ያልወደደውን ቀለም ፍቆ በላዩ ሌላ ይቀባበታል። መስተዋት ግን አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ፤ ንድፉ እንደ አርክቴክት ንድፍ ለሌላ ሰው እጅ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው።

ሥራው ሦስት ክፍል አለው። ያለፈው የአፍሪካ መከራ በቀይ፣ የዘመኑ ትግል በአረንጓዴ፣ የወደፊቱ ተስፋ በቢጫ ቀለም የበላይነት ይታያሉ። ሦስቱ ቀለሞች የሰንደቅ ዓላማችን መሆናቸውን ለአንባቢ መንገር አያሻም። ነገር ግን በሕንፃ ባለሙያ ዓይን የሚደንቀው ሌላ ነው፤ ቀለሙ በመስተዋቱ ላይ ተወስኖ አይቀርም። ፀሐይ ከበስተጀርባው ሲሆን ቀለሙ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ በሚያልፈውም ሰው ልብስ ላይ ያርፋል፤ በጧትና በማታ፣ በበጋና በክረምት መልኩ ይለዋወጣል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በዚህ ሕንፃ ሲፈረም የአህጉሪቱ መሪዎች የተሰበሰቡት ከዚሁ ብርሃን አጠገብ ነው። አፈወርቅ ከዚህ ሥራ የተማሩት፣ በኋላ ካደረጉት ተነሥቼ ስገምት፣ ሕንፃ ራሱ ሥዕል ሊሆን እንደሚችል ነው።

የቀረውን የሥራ ዘመናቸውን ለመዘርዘር ይህ ቦታ አይበቃም። የመስቀል አበባ የተባለው ሥዕላቸውና እናት ኢትዮጵያ በሕዝብ ዘንድ የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን የሥነ ጥበብ ሽልማት ሲቀበሉ በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያው ተሸላሚ ነበሩ። በአዲግራት ካቴድራል የመጨረሻውን ፍርድ በግድግዳ ላይ ሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 የራሳቸውን መልክ የሣሉበት ሥዕል በፍሎረንስ ኡፊዚ ቤተ ሥዕል የሠዓሊያን የገጽ ሥዕሎች ስብስብ ውስጥ ገባ፤ ከአፍሪካ ሠዓሊያን ይህ ክብር ሲደርስ የመጀመሪያው መሆናቸው ነው። መንግሥት ሲለዋወጥ አፈወርቅ በአገራቸው ኖሩ፤ ሠሩም።

አሁን ወደ ቤታቸው እንሂድ። ቪላ አልፋ የሚገኘው በከተማው ተቃራኒ ወገን፣ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው አውሮፕላኖቹ ስለለቀቁት ነው፤ ጄት አውሮፕላን ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ስለሚሻ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ የሲቪል በረራው ወደ ቦሌ ሲዛወር፣ ቦሌ አዲስ የከተማ በር ሆነ፣ ምዕራቡ ሜዳ ደግሞ የመኖሪያ ሰፈር ሆነ። የአፈወርቅ ሁለቱ ታላላቅ የሕንፃ ሥራዎች እንግዲህ አንዱ በአዲሱ በር መግቢያ፣ ሌላው በአሮጌው በር አጠገብ ይገኛሉ ማለት ነው። አልፋ የግሪክ ፊደል መጀመሪያ ነው፤ የስሙ መንፈስ ግልጽ ነው።

ቪላ አልፋ 22 ክፍሎች ያሉት ሲሆን መኖሪያ፣ የሥዕል ሥራ ቤትና የትርኢት ስፍራ በአንድነት የተያዙበት ነው። ንድፉን ያወጡት ራሳቸው አፈወርቅ ናቸው፤ ግንባታውም በአንድ ወቅት ተጀምሮ በዚያው ያለቀ ሳይሆን ዓመታት የወሰደ ነው። ቅርጹን የቀሰሙት ከአክሱም፣ ከጎንደርና ከሐረር ነው። ይህን ሲሰሙ የሙያ ባልደረቦች ፊታቸውን ማጥቆራቸው አይቀርም፤ እኔም ስለ ቤቱ መጀመሪያ ስሰማ እንዲሁ ነበር። የሦስት ዘመንና የሦስት አገር ቅርጽ ባንድ ቤት ላይ ሲሰፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የበዓል ድንኳን የሚመስል ነገር ነው። በከተማችን ከሲሚንቶ የተሠራ የአክሱም ሐውልት ጫፍ ያልተደረገበት በር፣ የፋሲል ግንብ ጥርስ ያልተቀጠለበት ሆቴል ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ጉዳዩን ከቁሳቁሱ ወገን ስንመረምረው ፍርዳችን ሊለዝብ ይገባዋል። የአክሱም ሕንፃ ግድግዳ ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የሚሠራ ነበር፤ ግድግዳውን አቋርጠው የሚያስሩት ክብ ግንዶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ስለሚወጣ የዝንጀሮ ራስ ተባሉ። ታላላቆቹ ሐውልቶች በተጠረቡ ጊዜ ግን ሠራተኞቹ ይህንኑ የእንጨት ጫፍ በጥቁር ድንጋይ ላይ ቀረጹት። ድንጋዩ ማሰሪያ አያስፈልገውም፤ አንድ ወጥ ነው። የዝንጀሮው ራስ በዚያን ጊዜ የግንባታ ክፍል መሆኑ ቀርቶ የግንባታ ሥዕል ሆኗል። ይህም ማለት ቅርጽን ከአንድ ቁሳቁስ ወደ ሌላ ማሻገርን ከአክሱማውያን የተማርነው እንጂ የዘመናችን ውሸት አይደለም። በጎንደር ደግሞ ድንጋይ በኖራ ተያይዞ ክብ ማዕዘን ግንቦችን አወጣ። የሐረር ጀጎል ግንብ ከአካባቢው ድንጋይ ተሠርቶ፣ ሕዝቡን በውስጡ ሰብስቦ፣ ወደ ውጭ ጥቂት በሮችን ብቻ ይሰጣል። የእነዚህ የሦስቱ ትርጉም በመልካቸው ብቻ አይደለም ያለው፤ አክሱም የሚሰጠው የግድግዳን ሥርዓት፣ ጎንደር ከፍታንና ማማን፣ ሐረር ደግሞ ውስጥን ከውጭ የመለየትን ነገር ነው። የአንድ ሠዓሊ ቤትም የሚሻው እነዚሁኑ ነው፤ ሥዕል የሚሰቀልበት ሰፊ ግድግዳ፣ ብርሃን የሚገባበት ከፍታ፣ ሥራ የሚሠራበት ጸጥታ።

ብርሃንን ካነሣን፣ እዚህ ላይ ከሙያችን አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በአውሮፓ የሥዕል ሥራ ቤት መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን የሚባለው ፀሐይ በዚያ ወገን ስለማትገባ፣ ብርሃኑም ቀኑን ሙሉ ሳይለወጥ ስለሚቆይ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው። እርግጥ ከዚህ ወቅት ብዙው ክረምት ስለሆነ ደመናው ይከላከላል። ነገር ግን በሚያዝያና በግንቦት ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ወደ ሰሜን የተከፈተ መስኮት ያለ ክዳን ቢተው ፀሐይ ትገባበታለች። ከተማዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት፣ ቀለምን የሚያነጣው የማይታየው የፀሐይ ጨረር በቆላ ካለው ይበረታል። ስለዚህ በለንደን መጽሐፍ የተጻፈውን የሙዚየም ደንብ እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አይቻልም፤ የመስኮቱ ስፍራ፣ የጣራው ክፈፍ ርዝመት፣ የግድግዳው ውፍረት እዚሁ ሊታሰብ ይገባዋል። የድሮ ቤቶቻችን ሰፊ ሰገነትና ወጣ ያለ ክፈፍ እንዲያው ለጌጥ አልነበሩም።

አፈወርቅ በሕይወት ሳሉ ቪላ አልፋ ለጎብኚ ክፍት ነበር፤ ጎብኚውንም ብዙ ጊዜ የሚያስጎበኙት ራሳቸው ነበሩ። በራሳቸው የነደፉትን ልብስ ለብሰው፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየመሩ፣ ስለ እያንዳንዱ ሥራ ያስረዱ ነበር። ይህ የሚያስቅ ትዕቢት የመሰላቸው ሰዎች አልጠፉም። ነገር ግን በሕንፃ ዓይን ሲታይ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል የተሟላው በሰውየው ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል። ሌላ ሙዚየም መግለጫውን በግድግዳ ላይ ይጽፋል፤ ቀስት ይለጥፋል፤ ጠባቂ ያቆማል። የቪላ አልፋ መግለጫ፣ ቀስትና ጠባቂ አንድ ሰው ነበር። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አፈወርቅ ሲያርፉና በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበሩ፣ ቤቱ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የአሠራሩን ዋና ክፍል አጣ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በሩ ለጎብኚ ተዘግቶ ቆየ።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። አፈወርቅ ከተማሩበት ከስሌድ ብዙ በማይርቅ ስፍራ፣ በለንደን፣ የአርክቴክቱ የሰር ጆን ሶን ቤት አለ። ሶን ቤታቸውን ራሳቸው ነድፈው፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ሞልተውበት፣ ከሞቱ በኋላ በተቻለ መጠን እንደተውት እንዲቆይ እ.ኤ.አ. በ1833 በፓርላማ ሕግ አስወጡ፤ አራት ዓመት ቆይተው ሞቱ። ቤቱ እስከ ዛሬ ሙዚየም ነው። በፓሪስ ደግሞ ሠዓሊው ጉስታቭ ሞሮ መኖሪያ ቤታቸውን በስተርጅና ሙዚየም እንዲሆን አሠርተው፣ ለመንግሥት ተናዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ሞቱ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ተከፈተ። ሁለቱን ስናነጻጽር ልዩነቱ ይታያል። ሶን ሕንፃውን ሳይለውጡ ሕጉን ሠሩለት። ሞሮ ሕንፃውን ለወጡለት፤ የላይኛውን ፎቅ ለሕዝብ የሚሆን ሰፊ የትርኢት አዳራሽ አደረጉት፤ ሺህ ሺህ ንድፎቻቸውንም ሰው እያገላበጠ በሚያያቸው መሳቢያዎች አኖሩ። በሁለቱም ዘንድ ከሞት በኋላ ያለው ኑሮ አስቀድሞ ታስቧል።

ለቪላ አልፋ የሚቀርቡ ሐሳቦች በሙያ ወዳጆቼ ዘንድ ሁለት ናቸው። አንዳንዶች ቤቱ እንደነበረ ይቀመጥ፣ አንድ ወንበር እንኳ አይነቃነቅ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የመኖሪያ ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑ ግድግዳ ይፍረስ፣ አዳራሽ ይውጣ፣ ከአጠገቡም ተጨማሪ ሕንፃ ይሠራ ይላሉ። የሁለተኛው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ ኑሮ የተሠራ ደረጃ የትምህርት ቤት ልጆችን ጭፍራ አይችልም፤ የእሳት አደጋ መውጫ ይጠይቃል፤ አካል ጉዳተኛም መግባት መቻል አለበት። እኔ ግን ግድግዳ በማፍረሱ አልስማማም። ምክንያቴ ስሜት አይደለም። የክፍሎቹ ስፋት፣ የበሮቹ ትይዩነት፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚወስደው ቅደም ተከተል የሠዓሊው ሥራ ናቸው፤ ከመስቀል አበባ ሥዕል አንድ ቅጠል ቆርጦ ማውጣት ካልተፈቀደ፣ ከዚህም ቤት ግድግዳ ማውጣት አይፈቀድም። የጎብኚውን ቁጥር በሰዓት መወሰን ከማፍረስ ይረክሳል። ሶን ሙዚየምም ጠባብነቱን የተቋቋመው ባንድ ጊዜ የሚገባውን ሰው በመወሰን ነው። መጸዳጃ፣ የመጻሕፍት ክፍል፣ የእድሳት ሥራ ቤት ካስፈለገ በግቢው ውስጥ ለብቻው፣ ዝቅ ብሎ፣ ራሱን ሳያጎላ ሊሠራ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የንድፎቹ ነገር ነው። በሙዚየም አያያዝ የታወቀው ልክ የዘይት ቀለም ሥዕል 200 ሉክስ ያህል ብርሃን ሲፈቀድለት፣ በወረቀት ላይ ለተሠራ ንድፍ ግን ከ50 ሉክስ ያልበለጠ ነው የሚፈቀደው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ እንደምትሰጥ ስናስብ፣ ወረቀት ምን ያህል ደካማ ፍጥረት እንደሆነ ይገባናል። የወረቀቱ ጠላት ብርሃን ብቻም አይደለም። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፣ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ እስከ ግድግዳው ውስጥ ይዘልቃል፤ ወረቀትና ሸራ በየዓመቱ አንዴ ሲኮማተሩ አንዴ ሲላሉ ይኖራሉ፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል። እንግዲህ አንድ ሕንፃ ከንድፍ ተወልዶ ድንጋዩና አርማታው ብዙ ትውልድ ሲያልፍ፣ የተወለደበት ወረቀት ግን አስቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ወረቀቱ ከጠፋ ደግሞ ወደፊት ቤቱን የሚያድሰው ባለሙያ የትኛው የሠዓሊው አሳብ እንደሆነ፣ የትኛው የግንበኛው ስሕተት እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

አፍሪካ አዳራሽ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለዓመታት በቆየ የእድሳት ሥራ ሕንፃውን ከመሠረቱ መርምሮ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም አጠናክሮ፣ የፊት ገጽታውን ንጣፎች ከቀድሞዎቹ ጋር እንዲመሳሰሉ አሠርቶ፣ የአፈወርቅንም መስተዋት በባለሙያ አሳድሶ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ከፈተው። በዚያ ሥራ ላይ ገንዘቡም ባለሙያውም ብዙ ነበር። አንድ ሠዓሊ በራሱ ኪስ ያሠራው ቤት እንደዚያ ያለ ጠባቂ የለውም።

ስለሆነም የማኅበራችን አባላት ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ይኸውም የልኬት ንድፍ ነው። ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ተገኝቶ፣ ሁለት ወጣት አርክቴክቶችና አንድ ቀያሽ ቢመደቡ፣ የ22ቱም ክፍሎች የወለል ንድፍ፣ የአራቱም ወገን ገጽታ፣ የእያንዳንዱ መስኮት ልክና አቅጣጫ፣ የእያንዳንዱ ጌጥ ቁሳቁስ ሊመዘገብ ይችላል። የተጠረበ ድንጋይ የትኛው፣ ልስን የትኛው፣ እንጨት የትኛው እንደሆነ በቀለም ተለይቶ ይሰመር። በየክፍሉም ብርሃኑ በታኅሣሥና በሰኔ ይለካ። ሥራው መጀመር የሚገባው ደግሞ ከላይ ነው፤ ከጣራው፣ ከአሸንዳውና ከውኃ መውረጃው። ተዘግቶ የሚቆይ ቤት አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል፤ የተደፈነ አሸንዳ ውኃውን ወደ ግድግዳ ይመልሰዋል፤ ከግድግዳውም ወዲያ ሥዕል ተሰቅሏል። ልኬቱ በየካቲት ቢጀመር የጣራው ክፍል ከሰኔ ዝናብ በፊት ያልቃል።